የማክሰኞና የሐሙስ ወጥ

ራህማ ሐሙስ ጠዋት ቧንቧው ጋ ባልዲዋን አስቀምጣ «የሺ፣ ሰሞኑን ወጥሽ ውስጥ ምን መጨመር ጀመርሽ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ባሏ ሱሌማን ማክሰኞና ሐሙስ ሲሆን ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ይመጣል አለችኝ። የመጨረሻ ልጃቸው ሐምዛ ደግሞ ሰኞ ዕለት እናቱ የሠራችውን ምስር ገፋ አድርጎ «የየሺ ሽሮ የታለ?» እያለ አልቅሷል። ይህን ስትነግረኝ ትስቃለች፤ ግን ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ ሴት ናትና የሌላ ሰው ወጥ ከእሷ ወጥ በለጠ ሲባል ትንሽ ሳይከነክናት አልቀረም። እኔም «ምንም አልጨመርኩ፤ እጄ ነው» ብያት ጄሪካኔን አንስቼ ሄድኩ። እጄ ነው! ሰው ሲኮራ እግሩ ሥር ያለውን ጉድጓድ አያይም፤ እኔም አላየሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሾላ ገበያ ጀርባ ባለው ግቢ እኔና ራህማ ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር ሰባት ዓመታችን ነበር። እኔ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ አንድ ስፌት ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ባሌ ብርሃኑ ገርጂ ጋራዥ ይሠራል፤ ራህማና ሱሌማን ከጠዋት እስከ ማታ ሾላ ናቸው፣ እሷ ቅመም፣ እሱ ጫማ። ሁላችንም ቤት የምንደርሰው ልጆቹ በረሃብ እርስ በርስ መነካከስ ሲጀምሩ ነው። በፊተኛው ዓመት አንድ ምሽት በጋራው ማድ ቤት ሁለት የላምባ ምድጃ ጎን ለጎን አንድደን፣ በሁለቱም ላይ ያው ሽሮ ሲንተከተክ፣ ራህማ «ኧረ እኛስ ጅሎች ነን! አንዱን ወጥ በሁለት ጋዝ እንሠራለን» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራ ገባን። ሰኞና ረቡዕ የራህማ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የእኔ፤ እንጀራው የየቤቱ፣ ወጡ የጋራ። ዓርብ የየራሳችን ነው፤ እነሱ ከጁምዓ መልስ ከተገኘ ሥጋ ይቀምሳሉ፣ እኛ እንጾማለን። እስላምና ክርስቲያን አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ስለዚህ በጋራው ወጥ አጠገብ ሥጋ የሚባል ነገር ዝር አይልም። ይህ ደግሞ ለኪሳችን በረከት ሆነ፤ ሥጋ ኪሎው አሥራ አራት ብር በገባበት ጊዜ በሥራ ቀን ማን አማረው! ድስቱም የራህማ ነው። የእኔ ድስቶች በየበዓሉ ዶሮና በግ ያዩ ናቸውና፣ ለጋራው ወጥ ብላ አንድ ትልቅ አዲስ ድስት ገዝታለች። ረቡዕ ሲሆን ቅቤ እንዳይገባ የምታስታውሰው እኔ ሳልሆን እሷ ናት። ትልቋ ልጄ ሀይሚ የሳምንቱን ራት በሳሙና ካርቶን ላይ ጽፋ በማድ ቤቱ በር ላይ ሰቀለችው፤ ሰኞ ምስር፣ ማክሰኞ ሽሮ፣ ረቡዕ ጎመን በድንች፣ ሐሙስ አንዴ ክክ አንዴ ሽሮ። «ዛሬ ደግሞ ምን ልሥራ» ብሎ መንገድ ለመንገድ መጨነቅ ቀረ።

በእኔ ተራ ቀን ለራህማ ቤት የሚሄደውን ድርሻ አበዛለሁ። የእሷ ወጥ ከእኔ እንደሚጥም አውቃለሁ፤ በጣዕም ያነሰውን በብዛት ልክሰው እላለሁ። የእኛው ሲያንስ «ምሳዬ አልወረደም» ብዬ ሻይ በዳቦ እጠጣለሁ። ስለዚህ ጨው ለመቅመስ መዳፌ ላይ ጠብ ከማደርጋት በቀር የማክሰኞና የሐሙስን ወጥ በልቼው አላውቅም። ቤተሰቤም ለምን አትበዪም ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም እንዲጠይቁኝ አልፈለግኩም።

በዚያ ዓመት ለመስቀል አገር ቤት አልሄድንም ነበር። ጉራጌ ሆኖ ለመስቀል ከተማ የቀረ ሰው ምን እንደሚባል የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ ሐሙስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የብርሃኑ እናት፣ እማማ አሰገደች፣ ለዓይናቸው ሕክምና ሲመጡ በዚያ የሚወቅሱን መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ቆጮና ቅቤ አሸክመው መጡ፣ ልጆቹን አገላብጠው ሳሙ፣ ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸው ባሰብኝ። «ልጄ ከተማ ገብቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከጎረቤት በሚመጣ ወጥ ያድራል» ብለው አገር ቤት ሲያወሩ ታየኝ። እናም የመጡ ዕለት ካርቶኑን ከማድ ቤቱ በር ላይ ነቅዬ ፍራሽ ሥር ከተትኩት። እማማ አሰገደች ፊደል አልቆጠሩም፤ ቢቆጥሩም ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ከብርሃን በቀር ብዙም አያይም። እንግዲህ ማንበብ የማይችሉ፣ ቢችሉም የማያዩ ሴት እንዳያነቡብኝ ነው ካርቶን የደበቅኩት። ሀይሚን «የራህማ ወጥ ነው እንዳትዪ» አልኳት። በእኔ ተራ ቀን ደግሞ የነራህማን ድርሻ እማማ ሳይሰሙ ቀንሳ ታወጣለች። ሰኞና ረቡዕ ማታ ወጡን ከማድ ቤት በእኛ ሳህን ታመጣዋለች፣ እኔ አቀርባለሁ፣ እማማ በልተው ሲጨርሱ «እጅሽ ይባረክ» ይሉኛል፤ እኔም «አሜን» እላለሁ።

ያን ሐሙስ እንግዲህ ራህማ ባሞገሰችኝ ልብ ነው ወደ ሥራ የሄድኩት። ከመገናኛ በሃምሳ ሳንቲም ታክሲ ሃያ ሁለት ወርጄ፣ ከዚያ በእግሬ አቋርጬ ቦሌ መድኃኔዓለም እስክደርስ ድረስ ምን ጨምሬ ነው የጣፈጠው እያልኩ ሳሰላስል ነበር። ሽንኩርቱን ቆየት አድርጌ ማቁላላቴ ይሆን? ስፌት ቤቱ ቦሌ ይሁን እንጂ ቦሌ ቦሌ አይሸትም፤ አሥራ ሁለት ሴቶች በአንድ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነን፣ የጥቅምት ብርድ በጠዋት ጣታችንን ያደነዝዛል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ጣሪያው ይጠብሰናል። አጠገቤ የምትሰፋው ጋዲሴ ናት፤ ከሰሚት ወዲያ ካለው የገበሬ መንደር ግማሹን በእግሯ ግማሹን በታክሲ የምትመጣ። ከሁላችን ርቃ እየመጣች ቀድማን የምትገባ እሷ ናት። የራህማን ሙገሳ ከነሐምዛ ለቅሶ ነገርኳት። በደንብ ሳቀችልኝ። ከዚያ ኮሌታውን ማሽኑ ሥር እያስተካከለች ጠየቀችኝ።

«አማትሽስ ምን አሉ? ምራቴ ባለሙያ ናት አላሉም?»

«እሳቸው ሁሉንም ቀን እኔ የምሠራ ነው የሚመስላቸው።»

«የሰኞውንም?»

«የሰኞውንም።»

ጋዲሴ ፔዳሉን መርገጥ አቆመች። «እኛ ጋ ጎረቤት ወጥ ሲልክ፣ የእከሊት ነው ተብሎ ነው የሚቀርበው። እንዴት ሰው ያበላው ሰው ስም ሳይጠራ ይበላል?» አለችኝ። «አንቺ የገበሬ ልጅ ነሽ፣ ከተማ ሌላ ነው» አልኳት። «እሺ ከተሜ» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ፣ ግን የሳቄ ነገር ለራሴም አላማረኝም። ከምሳ በኋላ ስለ ራት አላወራንም። ስለ ቁልፍ፣ ስለ ክር፣ ስለ ባለቤቱ ሚስት አዲስ ጫማ አወራን።

ከሥራ ስመለስ በሾላ አለፍኩ። ድንች ኪሎው ብር ከሃያ አምስት ነው፤ ሁለት ኪሎ ለቅዳሜ ገዛሁ። ሽንኩርት ግን ሁለት ብር ሲሉኝ ተውኩት፤ ቤት ያለው ይበቃል። ራህማ የበርበሬ ጆንያዎቿን አፍ እያሰረች ነበር። አንገቷን ብቅ አድርጋ «ሂጂ፣ ሂጂ፣ ቀድመሽ አንድጂ! ሱሌማን ለራትሽ ሲል ዛሬ ምሳ እንኳ አልበላም» አለችኝና በወረቀት የጠቀለለችውን ኮረሪማ ዘንቢሌ ውስጥ ወረወረችልኝ። እንዲህ ናት፤ ባዶ እጅ አትሸኝም።

ቤት ስደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። እማማ አሰገደች እንደ ልማዳቸው ማድ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሰኞና ረቡዕ «ጭሱ ለዓይንዎ አይሆንም» እያልኩ ቤት አስቀራቸዋለሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ግን ጭሱን እረሳዋለሁ። ሽንኩርቱን አቁላላሁ፣ ሽሮውን በጠበጥኩ፣ ጨው ቀምሼ ትክክል መሆኑን አየሁና ውኃ ልቀዳ ወጣሁ። ቧንቧው ጋ ወረፋ ነበር፤ ጄሪካኔን ሰልፍ አስይዤ ተመለስኩ። ማድ ቤቱ በር ላይ ስደርስ እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው፣ በሦስት ጣታቸው ቀይ ዱቄት እየቆነጠሩ፣ በሌላው እጃቸው የድስቱን አፍ እየዳበሱ ይነሰንሳሉ። ሲያማስሉ፣ ከዚያ ማማሰያውን ላስ አድርገው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። እንፋሎቱ እስከ በሩ መጣ። ሽታውን ለማወቅ ጉራጌ መሆን አያስፈልግም።

«እማማ፣ ምንድነው እሱ?»

እንደ ተያዘ ልጅ ቋጠሯቸውን ጨበጡና ሳቁ። «በቃ ደረስሽብኝ! የመስቀል ቋንጣ ናት። ለመስቀል ያልመጣ ልጅ ድርሻው ይቀመጥለት የለ? የብርሃኑ ድርሻ ናት። ብሰጥሽ ለእንግዳ፣ ለገና ብለሽ ታስቀምጫታለሽ፤ የሌላ ሰው አፍ ሳይገባባት ልጄና ልጆቹ ይብሏት ብዬ አገር ቤት አስወቅጬ አመጣኋት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጨምሩት?»

«ከመጣሁ ጀምሮ። ሰኞና ረቡዕማ እጅሽ ይጥማል፣ አልነካውም። ማክሰኞና ሐሙስ ምን እንደሚያገኝሽ እንጃ፤ ወጥሽ ይደክማል። ሥራው አድክሟት ነው ብዬ፣ ምን ላድርግ፣ አገዝኩሽ።»

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ሦስት ሳምንት፤ ሦስት ማክሰኞ፣ ሁለት ሐሙስ፣ ይኸው ደግሞ ሦስተኛው ሐሙስ። አምስት ማታ ለራህማ ልጆች ክርስቲያን ያረደውን የበሬ ሥጋ አብልቻለሁ፤ በራሷ ድስት፣ ያውም ከድርሻቸው በላይ አብዝቼ። ጠዋት ቧንቧው ጋ «እጄ ነው» ያልኩት ትዝ ሲለኝ ፊቴ በእሳት የተለበለበ መሰለኝ። በዚህ መሃል ሀይሚ የነራህማን ሳህን ይዛ ገባችና በሹክሹክታ «እማዬ፣ ልቀንስላቸው?» አለች። «አትንኪው!» ብዬ ጮህኩባት። ሳህኑ ከእጇ ወድቆ ተንከባለለ። እማማ «ምነው? ምን ሆነ?» ብለው ወደ ድምፁ ዞሩ፤ ምንም አልሆነም አልኳቸው። ይኸው ነው እንግዲህ የእኔ ነገር፤ ያን ጊዜ እንኳ ምንም አልሆነም አልኩ።

ብርሃኑ ሲመጣ በሩ ላይ ጠበቅኩትና በሹክሹክታ ነገርኩት። አልደነገጠም። የእጁን ግራሶ በጨርቅ እየጠረገ «ቋንጣ መሆኑንማ ባለፈው ማክሰኞ ጥርሴ ውስጥ አግኝቼዋለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ቦታ ያመጣሽው መሰለኝ። ለእነሱ ከቀነስሽ በኋላ የምትጨምሪ መስሎኝ ዝም አልኩ።» ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «አሁንም ዝም በይ፣ የሺ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እማዬን ከእንግዲህ አትጨምሪ እንላታለን፣ ድስቱን በአመድ ትፈትጊዋለሽ፣ አለቀ። ማን ያውቃል?»

ማንም አያውቅም ነበር። እውነት ነው፣ ማንም አያውቅም። ዝም ብል ሰኞ የራህማ ምስር ይመጣልኛል፣ ረቡዕ ጎመኗ ይመጣልኛል፤ ብናገር ግን ተራው ይፈርሳል፣ ከእኔ ልጆች ጋር በአንድ ሳህን ያደጉት ልጆቿ ከበራችን ይቀራሉ፣ ግቢው በሙሉ ይሰማል፣ አማቴም የልጃቸውን ቤት ጓዳ ያውቃሉ። ይህን ሁሉ እያሰብኩ ድስቱን አየሁት። ሰኞ ራህማ በዚህ ድስት ለልጆቿ ልትሠራ ነው። «ቅቤ እንዳልጨምር፣ ዛሬ ረቡዕ ነው» የምትለኝ ሴት! እሷ የእኔን ጾም ከእኔ በላይ ስትጠብቅልኝ፣ እኔ የእሷን ሃይማኖት በአመድ ፈትጌ ልሸኘው? ፈራሁ፤ ፍርሃቴ እስከ አሁን ትዝ ይለኛል፤ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የልጆቹን ወተት የማፈላባትን፣ ሥጋ አይታ የማታውቀውን ትንሽ ድስት አወጣሁና ለቅዳሜ ያልኩትን ድንች እየላጥኩ መጣድ ጀመርኩ። ምን እንደጨመርኩ ምን እንዳልጨመርኩ አላውቅም። ድንቹ እንደበሰለ ድስቷን በጨርቅ ይዤ ወደ ራህማ በር ሄድኩ።

ትሪው ቀርቦ፣ እንጀራው ተዘርግቶ፣ ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ከበው ተቀምጠዋል። ሱሌማን ሲያየኝ «ነይ ግቢ የሺ! ሽሮዬን የት አደረስሽው?» ብሎ ሳቀ። ድንቹን በሩ አጠገብ አስቀመጥኩና ራህማን አንዴ ውጪ አልኳት። ጓሮ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር፣ ቆመን ነገርኳት። ባጭሩ ነው የነገርኳት፤ ማሳመር ብጀምር እንደምዋሽ አውቃለሁ። «አስተግፊሩላህ» አለችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ስንት ቀን?»

«አምስት።»

«ሐምዛም?»

«ሐምዛም።»

«እናታችን እኛ እስላም መሆናችንን አያውቁም እንዴ?»

«ያውቃሉ። ወጡ ለእናንተም እንደሆነ ነው የማያውቁት። በተራ እንደምንሠራ አልነገርኳቸውም። የሰኞውም የረቡዑም የእኔ ነው የሚመስላቸው።»

ራህማ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ሥጋውን ስነግራት የደነገጠችው ሴት ሌላ ናት፣ አሁን የምታየኝ ሌላ። «ድስት ይታጠባል» አለችኝ ቀስ ብላ። «ልጆቹም ሳያውቁ ነው የበሉት፤ አላህ ይምራል። ሥጋው ስህተት ነው፣ የሺ። እኔን መደበቅሽ ግን ስህተት አይደለም፤ አስበሽበት ነው። የእኔ ወጥ ምኑ ያሳፍራል?»

አንቺ አይደለሽም ያሳፈርሽኝ፣ ድህነቴ ነው ብላት እውነት ነበር፤ ግን እሷም ደሃ ናት፣ እሷም አማት አላት፣ እሷ አልደበቀችኝም። ያለ ሐፍረት «ሰኞስ?» አልኳት። «መጀመሪያ ለእሳቸው ንገሪያቸው። ሰኞን ሰኞ እናያለን። ለሱሌማን እኔ እነግረዋለሁ» ብላ ገባች። በሩን ዘጋችው። በሰባት ዓመት ውስጥ እኔ ቆሜ ሳለሁ ያ በር ሲዘጋ የመጀመሪያው ነው።

ቤቴ ስገባ ብርሃኑ፣ እናቱና ልጆቹ በገበታው ዙሪያ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ሽሮው ቀርቧል፤ የነካው ሰው የለም። ቁጭ ሳልል፣ እዚያው እንደቆምኩ፣ «እማማ፣ የሰኞና የረቡዑ ራት የእኔ አይደለም፣ የጎረቤታችን የራህማ ነው» አልኳቸው። ብርሃኑ አንገቱን ደፋ፤ እሱም እኮ ሦስት ሳምንት አብሮኝ ዝም ብሏል። በቀጭኑ ግድግዳ በኩል የሱሌማን ድምፅ ከፍ ሲል፣ ከዚያ ሲወርድ፣ ከዚያ ጭራሽ ሲጠፋ ሁላችንም ሰማን።

«የትናንቱ ጎመን?» አሉ እማማ።

«የራህማ ነው።»

«እኔ እጅሽ ይባረክ ስልሽ አሜን ስትዪ የነበረው?»

ሀይሚ በእኔ ፈንታ አቀረቀረች። እማማ አሰገደች ትንሽ አሰቡና፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ የቀረውን ራሳቸው ደረሱበት። እጃቸው ወደ ነጠላቸው ቋጠሮ ሄደ። «ይህቺን እነሱ በልተዋታል?» አሉ። አምስት ማታ አልኳቸው። ደረታቸውን መቱ። «ከእስላም ጋር አጥር ለአጥር ነው ያረጀሁት» አሉ። «ድግስ ስንደግስ ለእነሱ ለብቻ በግ አቁመን፣ ራሳቸው ባርከው ያርዱ ብለን፣ ቢላውን ለእነሱ እንሰጣለን። ዕድሜ ልኬን ያላደረግኩትን በልጄ ቤት አስደረጋችሁኝ! ለእኔ መንገር ምን ነበረበት? ጎረቤት አበላን ማለት ነውር ነው ያለሽ ማነው?» ሊነሱ ግድግዳውን ዳበሱ፤ ብርሃኑ ሊደግፋቸው ሲል እጁን ገፉና «አንተ ተቀመጥ። አንቺ ምሪኝ» አሉኝ።

ግቢው ውስጥ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ክንዳቸውን ይዤ ስሄድ ግን አልደርስ አለኝ። በሩን ያንኳኩት እሳቸው ናቸው። ራህማ ከፈተች። ከኋላዋ ሱሌማን ቆሟል፤ የቅድሙ ሳቅና ቀልድ ከፊቱ ላይ የለም። እማማ አሰገደች የልጆቹን ትንፋሽ ሰምተው ፊታቸውን ወደ ራህማ አዞሩና፣ በሰባ ዓመታቸው ዝቅ ብለው ጉልበቷን ለመሳም እጃቸውን ዘረጉ። ራህማ «ኧረ እማማ! በአላህ ይዤዎታለሁ!» ብላ ግማሽ መንገድ ላይ ቀለበቻቸው። ሱሌማንም መጣ፤ በሁለት በኩል ይዘው አቆሟቸው። «ሳያውቅ ያበላም ሳያውቅ የበላም አይጠየቅም፣ እናቴ» አላቸው ሱሌማን። ድምፁ ከባድ ነበር፤ ቀልሎት እንዳልተናገረው ያስታውቃል። እማማ አለቀሱ። ራህማም አለቀሰች። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜአለሁ፤ ግቢ ያለኝም ሂጂ ያለኝም የለም።

እማማን ከልጆቹ መሃል፣ ከትሪው አጠገብ አስቀመጧቸው። ራህማ እኔ የተውኩትን ድንች ገልብጣ እንጀራው ላይ አወጣችና «ይቅመሱልን፣ ባዶ አፍዎን አይሄዱም» አለቻቸው። «የማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁ እማማ፤ ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ምግብ በቀረበላቸው ቁጥር ይህን ሳይጠይቁ አልበሉም። «የየሺ ነው» አለች ራህማ፣ ወደ እኔ ሳታይ። ቆረሱ፣ አጠቀሱ፣ ቀስ ብለው አላመጡ። ልጆቹ አፋቸውን አፋቸውን ያያሉ። «ጨው የለውም» አሉ።

ሐምዛ ቀድሞ ሳቀ። ከዚያ ሱሌማን ሳይወድ በግድ ሳቀ፤ ራህማም ዓይኗን በሻሿ እየጠረገች ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ የምስቅበት ፊት አልነበረኝም። ራህማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። እንግዳ ሰው ጓዳ ግባ አይባልም፤ ጓዳ የሚገባው የቤት ሰው ነው።

«ምን ቆመሻል፣ የሺ?» አለችኝ። «ጓዳ ግቢና ጨው አምጪልን።»

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። የጨዉ ጣሳ እፊቴ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ እኔ ግን ዕንባዬ እስኪቆም ድረስ ቆይቼ ነው ያነሳሁት።